ቢጫው መብራት ሳይበራ

ልጄ፣ መንጃ ፈቃድህን አውጥተህ ከደብረ ታቦር ነፋስ መውጫ ሰው ልታመላልስ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እናትህ ግን ከደስታዋ ስጋቷ በልጦ «ያን ልጅ ምከርልኝ» ብላ ላከችብኝ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነው፤ ምሳሌውን እኔ አመጣለሁ፣ ጠጁ ያንተ ነው። ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ መጠጡ፣ ስለ ስልኩ ትራፊኩም ንስሐ አባትህም ይነግሩሃል። እኔ የምነግርህ ሰው ጎንበስ ብሎ የማያየውን፣ የጎማህን ነፋስ ነገር ነው። በዚህ መንገድ ፀጉሬ እስኪሸብት ነድቻለሁ፤ «ጎማ ፈንድቶበት ነው» ተብሎ የተዘጋ አደጋ ብዙ ሰምቻለሁ። ጎማ ግን ከመሬት ተነሥቶ አይፈነዳም። ሳምንታት ሙሉ ሲያመለክት ከርሞ፣ የሚሰማው ሲያጣ ነው የሚፈነዳው።

መጀመሪያ ይህን ያዝ። መኪናህን፣ ተሳፋሪህንና ፖርቶመጋላው ላይ የጫንከውን ድንች ተሸክሞ የሚሄደው ነፋሱ ነው። ላስቲኩ፣ ክሩና ሽቦው ነፋሱን አፍነው ይይዙታል እንጂ ሸክሙን ለብቻቸው አይችሉትም። ነፋስ የሌለው መንኮራኩር በእኛ አገር ምን እንዳስከተለ ታውቃለህ? አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲወስዱ በዚሁ በጋይንት፣ በጨጨሆ በኩል ነው ያለፉት። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን ብረት በጋሪ ላይ ሆኖ፣ ሠራዊቱ በገመድ እየጎተተው፣ መንገዱ ከፊት ከፊት እየተቆረጠለት ጥቅምት ላይ የተነሣው ጉዞ መጋቢት ላይ ነው መቅደላ የገባው። ያን ጊዜ በነፋስ የሚሞላ ጎማ ገና በሰፊው ሥራ ላይ አልዋለም። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ቶምሰን አሳቡን እ.ኤ.አ. በ1845 ቢያስመዘግብም፣ ሰው በሰፊው የተጠቀመበት ጆን ደንሎፕ በ1888 ለብስክሌት የሚሆነውን ካወጣ በኋላ ነው። አንተ ዛሬ ያንን ዳገት ሻይህ ሳይቀዘቅዝ የምትጨርሰው በነፋስ ላይ ተቀምጠህ ስለሆነ ነው። የተቀመጥክበትን ደግሞ እወቀው።

የነፋሱ ልክ በግምት የሚሠራ አይደለም። የሾፌሩን በር ከፍተህ በሩ የሚገጥምበትን ምሰሶ ብታይ አንዲት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋ ታገኛለህ። የመኪናህ ሕግ እሷ ናት፤ ለፊት ጎማ ስንት፣ ለኋላ ስንት፣ ሲጭን ስንት እንደሆነ ትናገራለች። ከጃፓን የመጣ መኪና ከሆነ ጽሑፉ አይነበብህም፤ ቁጥሩ ግን ቁጥር ነው። 230 ኪሎፓስካል ካለ፣ ጎሚስታ በሚለካበት በፒኤስአይ 33 ገደማ ማለት ነው። ብዙዎቹ የቤት መኪኖች ከ30 እስከ 36 ፒኤስአይ ውስጥ ናቸው፤ ሚኒባስ ሲጭን ኋላው ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ አይሱዙ 80ን ያልፋል፤ ተሳቢ የሚጎትቱት ከ100 በላይ ናቸው። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ጎማው የሚችለው የመጨረሻው ጣሪያ ነው፣ የአንተ መኪና ልክ አይደለም። እሱን አንብቦ የሚነፋ ጎሚስታ አለ፤ እንዲህ ከተነፋ በጠጠር ላይ ይዘልብሃል፣ መሃሉ ብቻ ይበላል፣ ፍሬን ስትይዝም መሬቱን አይጨብጥልህም።

አሁን ነፋሱ የት እንደሚሄድ እንይ። ደህና የሆነ ጎማ እንኳ በወር ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ ያጣል። ላስቲክ ሲያዩት ድፍን ይምሰል እንጂ ነፋስ ቀስ እያለ ያልፍበታል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የምንለው ለመልካም ነገር ነው፤ ክፉውም በዚያው እግር ይሄዳል። ሦስት ወር ያልለካኸው የ33 ጎማ 28 ላይ ሊገኝ ይችላል። ቆመህ ብታየው ምንም አልሆነም፤ የዛሬ ጎማ ጎኑ ድሮም ትንሽ ወጣ ያለ ስለሆነ ጎድሎም ሞልቶም መልኩ አንድ ነው። «በዓይኔ አይቼዋለሁ» የሚልህን ሾፌር አትመነው። በእግሩ ረግጦ የሚመረምረውንም እንደዚያው።

ከዚህ ከተፈጥሮው ሌላ የሚያስተነፍሱት አሉ። ምስማርና ሽቦ የታወቁ ናቸው። ቫልቮላው ውስጥ ያለችው መርፌ አቧራ ሲገባባት አትገጥምም። ክዳኗን «ምን ታደርጋለች» ብሎ የሚጥላት ብዙ ሰው ነው፤ በእኛ አቧራና ጭቃ ግን ያቺ ክዳን በር ጠባቂ ናት። ቸርኬው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲጎብጥ ወይም ሲዝግ ጎማው ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ከንፈር በኩል ይተነፍሳል። ካላማዳሪ ያለው ከሆነ ደግሞ ሳይበቃው የተነፋ የውስጥ ጎማ እየተሸበሸበ ራሱን በልቶ ይቀደዳል። ከዋናው አስፋልት ወጥተህ ወደ ስማዳ፣ ወደ ታች ጋይንት ወይም ወደ እስቴ ገጠር በወረድክ ቁጥር ጥቁር ድንጋዩ ስለት አለው፤ ጎማው ልኩን ይዞ ካልሄደ ድንጋዩ ላስቲኩን ከቸርኬው ጋር አጋጭቶ ጎኑን ይቆርጠዋል። የጎን ቁስል አይጠገንም። ጠግኜልሃለሁ የሚልህ ካለ ገንዘብህን ተቀብሎ ቀን ቆጥሮልሃል ማለት ነው።

ብርዱስ? እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ የእኛ አገር ሾፌር ይበልጥ የሚሳሳተው በዚህ ነውና። ነፋስ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በወረደ ቁጥር የቤት መኪና ጎማ 1 ፒኤስአይ ተኩል ገደማ ያጣል፣ ቀዳዳ ባይኖረውም። እንግዲህ ታች ወረታ ላይ ከቀትር በኋላ ስትነዳ ቆይተህ ጎማው እንደ ጋለ «ሙላልኝ» አልክና 32 ላይ አቆምከው እንበል። ዳገቱን ወጥተህ ነፋስ መውጫ አደርክ። ሌሊቱ ደጋ ነው፤ ንጋት ላይ 5 ዲግሪ ቢሆን አይገርምም። ያው ጎማ፣ ያው ነፋስ፣ አንዲት ትንፋሽ ሳይወጣው ሲነጋ ወደ 28 ወርዶ ታገኘዋለህ። የጎማ ነፋስ ሲጎድል የሚበራ መብራት ያለው መኪና ከሆነና ድሮውንም ትንሽ ጎድሎት ከነበረ ቁልፉን ስታዞር ቢጫው ይበራል። ከምር ድንጋይ ስትደርስ ጎማው ስለሚሞቅ ይጠፋል። ሾፌሩ ይስቅና «አበደ እኮ ይሄ መኪና» ይላል። መኪናው አላበደም። ጎማው ጎድሎታል፣ ሙቀቱ ጉድለቱን ሸፈነለት እንጂ አልሞላለትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ጎማ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሌሊቱን ቆሞ አድሮ፣ አንዱን ጎን ፀሐይ ሳታገኘው ነው። መንገድ ላይ ከለካኸው ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ በልጦ ብታገኘው አትደንግጥ፣ አታስተንፍሰው። የጋለን ጎማ ማስተንፈስ ለነገ ጠዋት ጉድለት ማዘጋጀት ነው።

ሌላው የሚነገርህ ወሬ፣ «ወደ ጉና ተራራ ሲወጣ ጎማ ስለሚነፋ ወረታ ላይ ቀንሰህ ውጣ» የሚለው ነው። ወሬው ግማሽ እውነት አለበት። ወረታ ከባሕር በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ነፋስ መውጫ 3,000 ሜትር ገደማ። ከፍ ባልክ ቁጥር የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያህ 1 ፒኤስአይ ተኩል ያህል ይጨምራል። ነገር ግን ከፍታው ብርዱንም ይዞ ይመጣል፤ 8 ዲግሪ ያህል ሲቀዘቅዝ ከ1 ፒኤስአይ በላይ ይቀንሳል። ከፍታው የሰጠህን ብርዱ መልሶ ይወስደዋል። ጎማ የሚሠሩት ሰዎችም ይህን የመሰለውን ሁሉ አስበው ነው የሠሩት። ወረታ ላይ ቀንሶ የወጣ ሰው ጉና ትከሻ ላይ ጎድሎት ነው የሚያድረው፣ በማግስቱ ደግሞ በዚያው ጉድለት ጭኖ ቁልቁል ይወርዳል።

ቁልቁለቱ ነው የሚያስፈራኝ። ወደ ቆላው ረጅም ቁልቁለት ስትወርድ ፍሬን እየረገጥክ ከሄድክ የፍሬኑ ግለት በቸርኬው በኩል ወደ ጎማው ይገባል። ጎማው ደግሞ ነፋስ ከጎደለው ከውስጥ የራሱን እሳት ያነዳል። እንዴት መሰለህ፤ የጎደለው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ሽቦ እያጠፍክ ስትመላልሰው እንዴት እንደሚግል አይተሃል። ላስቲኩ እየጋለ ከክሩ መላቀቅ ይጀምራል፤ ይህ የሚሆነው ከውስጥ ስለሆነ አታየውም። ከባዱ ነገር ደግሞ ይኸውልህ፦ አንዴ ከውስጥ የተጎዳ ጎማ በኋላ ነፋስ ብትሞላው አይድንም። ከሳምንት በኋላ፣ ልኩ ሙሉ ሆኖ፣ በደህና አስፋልት ላይ ይፈነዳል፤ ሰውም «ትናንት እኮ ነው ያስነፋሁት» ይላል። ስለዚህ ጎድሎት ብዙ የተነዳበትን ጎማ ከቸርኬው አስወልቀህ ውስጡን እይ። የተፈረፈረ ጥቁር ዱቄት ካለበት፣ ጎኑ ዙሪያውን የተፋቀ ከመሰለ፣ አትጨክንበት አትበለኝ፤ ጣለው። ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ ውረድ፣ ፍሬኑ ዕረፍት ያግኝ።

አሁን ወደ መብራቱ ልምጣ፤ አንተ ያገኘኸው መኪና አለው ብለውኛል። የፈረስ ኮቴ የመሰለ፣ መሃሉ ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት ያለበት ቢጫ መብራት ነው። ታሪኩ በደም የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማ መልሶ ሰበሰበ። የጎማዎቹ መሬት የሚረግጠው ንጣፍ በጉዞ ላይ ከአካላቸው እየተላቀቀ፣ በተለይ ፎርድ ኤክስፕሎረር የተባሉት መኪኖች እየተገለበጡ ከ200 በላይ ሰው ሞቶ ነበር። የጎማው አሠራር ነው፣ የመኪናው ነው፣ ወይስ ፎርድ ያዘዘው 26 ፒኤስአይ አንሶ ነው እየተባለ ብዙ ተካሰሱበት። በዚያው ዓመት ሕግ ወጣ፤ ከመስከረም 2007 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ ይህ መብራት እንዲኖረው ተገደደ። አውሮፓ ከኅዳር 2014 ጀምሮ በአዲስ መኪኖች ሁሉ ላይ አስገደደች፤ ቻይናም ተከተለች። እነዚህን ቀኖች በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርህ። ባንተ መኪና ላይ ያለችው ትንሽ መብራት የእነዚያ ሰዎች ለቅሶ ናት።

አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው፤ የትኛው እንዳለህ ማወቅ አለብህ። አንደኛው በየጎማው ውስጥ፣ ከቫልቮላው ሥር የተቀመጠ መሣሪያ አለው። በራሱ ባትሪ እየሠራ ልኩን በሬዲዮ ሞገድ ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ባትሪው ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ይቆያል፤ ሲያልቅ ባትሪውን ብቻ መቀየር ስለማይቻል መሣሪያው ራሱ ይቀየራል። ከውጭ ያገለገለ ሆኖ የገባ መኪና ብዙ ጊዜ ይህ ባትሪ አልቆበት ነው የሚመጣው። ሁለተኛው ግን ጎማው ውስጥ ምንም የለውም። የኤቢኤስ ፍሬኑ የጎማዎቹን አዟዟር ስለሚቆጥር ከዚያ ይማራል፤ ነፋስ የጎደለው ጎማ ቁመቱ ትንሽ ስለሚያጥር ከሌሎቹ ጋር እኩል ለመጓዝ ቶሎ ቶሎ መዞር አለበት፣ ያን ጊዜ ይጠረጥረዋል። ብልህ ነገር ነው። ግን አራቱም እኩል እኩል ከጎደሉ ሁሉም እኩል ስለሚዞሩ ብዙ ጊዜ ይታለላል። በወር በወር ሳይለኩ የሚቀሩ ጎማዎች ደግሞ እኩል ነው የሚጎድሉት።

መብራቱ በርቶ ከቆየ ነፋስ ጎድሏል ማለት ነው። ቁልፉን ስታዞር ለአንድ ደቂቃ ገደማ ብልጭ ድርግም ብሎ ከዚያ በርቶ ከቀረ ግን ራሱ መሣሪያው ታሟል፤ ያኔ ጎማህ ቢጎድልም ባይጎድልም የሚነግርህ የለም። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሾፌር ሁለቱንም «የታወቀ ነው፣ ሁልጊዜ ይበራል» ብሎ ያልፈዋል። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።

ከዚህ የባሰ አለ። መብራቱ ሲያስቸግራቸው ጥቁር ፕላስተር የሚለጥፉበት፣ ኤሌክትሪሻን ጠርተው የሚያስነቅሉት አሉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። በእኔ ዓይን ግን ከፕላስተሩም የሚከፋው ሌላ ነው። ያ ሁለተኛው ዓይነት፣ ከፍሬኑ የሚማረው፣ ጎማ ከሞላህ በኋላ «አዲሱ ልክ ይህ ነው» ብለህ የምታስተምርበት ቁልፍ ወይም ማዘዣ አለው። አንዳንዱ ሾፌር መብራቱ ሲበራ ጎማውን ሳይሞላ ያንን ቁልፍ ይጫናል፤ መብራቱ ይጠፋል፣ እሱም «አስተካከልኩት» ይላል። ምን አደረገ መሰለህ? መኪናውን ጉድለቱ ልክ ነው ብሎ አስተማረው። ከዚያ ወዲያ ያ መኪና ከጎደለው ላይ እንደገና ሲጎድል ካልሆነ አይጮኽም። ፕላስተር የለጠፈው ቢያንስ መብራቱን መደበቁን ያውቃል፤ ይህኛው ግን መብራቱ ይጠብቀኛል ብሎ ነው የሚሄደው። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ጠዋት፣ ጎማው ቀዝቅዞ፣ አራቱንም በልኩ ሙላ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ቁልፉን ተጫን።

ደግሞም ደህና የሆነውም መብራት ዘግይቶ ነው የሚናገረው። የአሜሪካ ሕግ የሚያስገድደው ነፋሱ ከታዘዘው ልክ በሩብ ሲጎድል እንዲበራ ነው፤ የአውሮፓው በአንድ አምስተኛ። 33 የታዘዘለት ጎማ በሩብ ሲጎድል 25 ገደማ ይደርሳል። 26 ላይ ሆነህ አሥራ ምናምን ሰው ጭነህ ቁልቁል ስትወርድ መብራቱ ጭጭ ብሏል፣ የአሜሪካውንም ሕግ አልጣሰም። ጎማው ግን ከውስጥ መንደድ ጀምሯል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። ለዚህ ነው መብራቱን አክብረው፣ አትደገፍበት የምልህ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚሆነው በእጅህ ያለው መለኪያ ነው። መብራቱ ከበራ ደግሞ «ደብረ ታቦር ስደርስ አያለሁ» አትበል፤ ፍጥነትህን ቀንስ፣ ደህና ሜዳ ላይ ቁም፣ ለካ።

አይሱዙና ሲኖትራክ የሚነዱ ጓደኞችህ በአብዛኛው ይህም መብራት የላቸውም። የእነሱ መብራት ረዳቱ ነው፤ ወርዶ ጎማውን በብረት ይመታና ድምፁን ያዳምጣል። ጨርሶ የተነፈሰውን ይለይበታል፣ አልነቅፈውም። ሩብ የጎደለውን ግን በድምፅ የሚለይ ጆሮ አላየሁም። ኋላ ያሉት ጥንድ ጎማዎች በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ ሁለት በሬዎች ናቸው፤ አንዱ ሲለግም ሌላው የሁለቱን ይጎትታል፣ ሞፈሩም ሳይቆም ይቀጥላል። ውስጠኛው ቢጎድል ውጪኛው ደግፎት ስለሚቆም አይታይም። የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ ያ ያለ ድርሻው የተሸከመው ነው፤ ሰውም «ደህናው ጎማ ፈነዳብኝ» እያለ ይገረማል። ውስጠኛው ቫልቮላ እጅ አያስገባም ተብሎ ሳይለካ የሚከርመው እሱ ነው። እጅ የሚያስገባ ማራዘሚያ ቫልቮላ ይሸጣል፤ ንገራቸው።

ጎሚስታህን አክብረው፤ ከመኪናው ባለቤት ይልቅ ነፍስህ በእሱ እጅ ናት። ሲያወልቅ ግን አጠገቡ ቁም። ጎማው ውስጥ መሣሪያ ካለ አስቀድመህ ንገረው፤ ሳያውቅ የጎማ ማውጫ ብረቱን በቫልቮላው በኩል ከሰደደው ይሰብረዋል። መሣሪያውን አውጥቶ ተራ የላስቲክ ቫልቮላ ቢያስገባልህም ጎማው ይሠራል፣ መብራቱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ብልጭ ድርግም ይላል። ከሞላልህ በኋላ ቫልቮላውን በምራቁ ሲያርሰው ትንሽ አረፋ ከታየች መርፌዋ ታማለች። የጎማውን ከንፈር ደግሞ በሳሙና ውሃ ይቀባልህ። ቀዳዳ ለመድፈን ከውጭ ሰርስሮ የሚገባው ገመድ ለመንገድ ይሁን፤ ቤትህ ስትደርስ አስወልቀህ ከውስጥ አስለጥፈው። ጎማ ስትገዛ «አዲስ ነው» ቢሉህ ጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አንብብ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ በፈረንጅ። ሱቅ ውስጥ ስድስት ዓመት የተቀመጠን ጎማ በአዲስ ዋጋ አትግዛ። ናይትሮጅን እንሙላልህ ሲሉህም ፈገግ ብለህ እለፍ፤ የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው እሱው ነው፣ ልኩን መጠበቅ ይበልጣል።

ስኮርታህንም ለካው። ከሥር ታስሮ ወይም ከኋላ ተሰቅሎ ዓመት የከረመ፣ ወደ መሬት ስታወርደው የተጨማደደ ስኮርታ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷንም አታይ። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። ወደዚያ የመሻገር አሳብ ካለህ አንድ ነገር አስቀድመህ ጠይቅ፤ ብዙዎቹ ስኮርታ የላቸውም፣ በምትኩ ትንሽ ፓምፕና ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ነው የሚሰጡህ። ለአዲስ አበባ አስፋልት ይሆን ይሆናል። ጎኑ የተቆረጠ ጎማ ይዘህ ከዐርብ ገበያ በታች ስትቆም ግን ፈሳሹ አያወጣህም። ባትሪያቸውም ከባድ ስለሆነ ለጉድለት ያላቸው ትዕግሥት ያነሰ ነው።

ቢፈነዳብህስ? መብራቱ ድንገት ለሚፈነዳ ጎማ ጊዜ የለውም፣ አንተም የለህም። መሪውን በሁለት እጅህ አጥብቀህ ያዝ፣ ቀጥ አድርገው። እግርህን ከነዳጁ ቀስ ብለህ አንሣ። ፍሬን አትርገጥ፤ እግርህ በራሱ ወደዚያ ይሄዳል፣ ከልክለው። መኪናው ራሱ ሲዝል ወደ ዳር አውጣው። ይህን ዛሬ በልብህ ደጋግመው፤ ያን ሰዓት ለማሰብ ፋታ አይኖርም።

ተሳፋሪ ይቸኩልብሃል። ገበያው ሊያመልጠው ነው፣ ለቅሶ ሊደርስ ነው፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለው። ጎማ ስትለካ «ምነው ይሄ ልጅ!» ይልሃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች በለውና ሥራህን ጨርስ። የሚያጉረመርመው ሰው ስትገለብጠው አያመሰግንህም። ባለቤቱም «ጎማ ገና ነው፣ ትንሽ ይግፋ» ሲልህ ቁጥሩን አሳየው። ለዚህ ደብተር ያዝ፤ እሑድ እሑድ ጠዋት አራቱንም ስኮርታውንም ለክተህ ጻፍ። አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ በየሳምንቱ 2 ፒኤስአይ የሚያጣ ከሆነ ቀዳዳ አለው፤ አራቱም እኩል ከወረዱ ብርድ ነው ወይም ወሩ ደርሷል። ይህን ደብተርህ ይነግርሃል፣ መብራቱ አይነግርህም።

የእጅ መለኪያ ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው። ደብረ ታቦር ካሉት ሱቆች ደህናውን መርጠህ ግዛና በሚቀጥለው እሑድ ስትመጣ ይዘኸው ና፤ መኪናህን ደጄ አሳድረውና ጠዋት አብረን እንለካዋለን።